የብርቄ ድርሻ

ይህን ለባሌም አልነገርኩትም፤ ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። በፋሲካ ሰሞን ነቀምቴ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የተወለድኩባት ከተማ ናትና ማን ከማን እንደተኳረፈ ለማወቅ ብዙ አልደክምም፤ ወሬው ራሱ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ይቀበለኛል። ማክሰኞ መምህርት ድርቤ ቤት ምሳ በላሁ። የባሏን እህት የበቀለችን ክፋት ስትዘረዝርልኝ፣ የዶሮ ብልት እየጋጥኩ «እውነትሽን ነው፣ የኔ እናት» አልኳት። ሐሙስ አርጆ ሄድኩ። በቀለች ከገበያ ስትመለስ አግኝታኝ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ የአገራችንን ሥር፣ አንጮቴን፣ በቅቤ አቅርባ የድርቤን ክፋት ዘረዘረችልኝ። እኔም አፌን እየጠረግሁ «እውነትሽን ነው፣ የኔ እናት» አልኳት። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ።

ሁለቱም ወገናችን ናት ብለው አመኑኝ። ሁለቱም የተጻጻፉትን አውጥተው «ጋዜጣሽ ላይ አሳትሚው፤ አገር ይፍረደን» አሉኝ። ፊቴን የት ላድርገው?

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርቤ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ባሏ ተረፋ ከመንገድ ሠራተኞች ጋር አሶሳ በኩል ስለሆነ ቤቱን የሚያየው ለበዓል ነው። ባለፈው ነሐሴ ነመራ የሚባል ወንድ ልጅ ወለደች። ትምህርት ሲከፈት ልጁን ለሞግዚትና ለጣሳ የዱቄት ወተት ትታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሞግዚቷ ጡጦውን በጉድጓድ ውሃ እያለቀለቀች የልጁ ሆድ ተበላሸ። ይህን የሰማችው የተረፋ ታላቅ እህት በቀለች ከአርጆ መጥታ «ትምህርት እስኪዘጋ እኔ ልያዘው» አለችና ልጁንም ጣሳዎቹንም ይዛ ሄደች። በቀለች ራሷም ከባሏ ከነገራ የወለደቻት ጡት ላይ ያለች ልጅ ነበረቻት፤ ብርቄ፣ አምስተኛ ሴት ልጇ። ወንድ የላትም።

ደብዳቤውንም ጣሳውንም የሚያመላልሰው ወልደሩፋኤል ነው፤ ነቀምቴ ሱቅ ያለው፣ በየሳምንቱ አርጆ ገበያ ጨውና አቡጀዲ የሚወስድ ጉራጌ ነጋዴ። ደብዳቤዎቹ ሁሉም አልተገኙም። አንዳንዱን ድርቤ በንዴት ምድጃ ውስጥ ጨምራዋለች፤ አንዳንዱን በቀለች ቤት አይጥ በልቶታል። የተረፈው ይኸው።

*

አርጆ፣ ኅዳር 9 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለነመራ እናት ለድርቤ፣

አካም ጅርታ? እኛ በጌታ ቸርነት አለን። የከብት በሽታ ገብቶ ላሚቱን ገደለብን፤ የጎረቤትም በረት ባዶ ነው። ነገራ እግሩን አሞት ተሽሎታል። ልጆቹ ይስሙሻል።

ለጠየቅሽው ሁሉ መልስ ይኸው። ውሃው ይፈላል። ጡጦው ይቀቀላል። ማንኪያውን እንዳልሽው በቢላ ጀርባ አስተካክላለሁ፤ ነገራ አይቶ «ሴትዮ፣ ወተት ነው የምትበጠብጪው ወይስ ወርቅ ነው የምትመዝኚው?» ብሎ ስቆብኛል።

ጡትሽን እንዳትሰጪው ያልሽኝንም አልረሳሁም። በሰው ፊት ነግረሽኝ ሳለ በደብዳቤ መድገምሽ ምን ይባላል? እናትሽ «ያጠባች ኋላ ትጠይቃለች» ማለቷን ነቀምቴ ገበያ ያልሰማ የለም። አዎ፣ ወንድ ልጅ የለኝም። የመጣሁት ግን ለዚያ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ባዶ ስልቻ መስሎ፣ ዝንብ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ እንኳ ማልቀስ አቅቶት ስላየሁ ነው።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እግዜር የሰጠሽ ጡት በነፃ እያለ ጣሳ ለምን? ያልተማርኩ ነኝና አስረጂኝ።

የባልሽ እህት በቀለች

*

እዚህ ላይ ልግባ። ሸገር የምትኖሩ አንባቢዎቼ «ለልጅ ጡት መስጠት ምን ክፋት አለው?» ትሉ ይሆናል። በእኛ አገር የአንዲትን ሴት ጡት የጠባ ልጅ የጡት ልጇ ነው። ሽማግሌ ከመረቀው ይወርሳታል፣ ይቀብራታል፣ ከልጆቿ ጋር አይጋባም። ሚሲዮን የተማርነው «የድሮ ነገር ነው» እንላለን፤ የሚቀልድበት ግን አላየሁም። ወንድ ልጅ በሌላት ሴት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይቀለድበትም።

*

ነቀምቴ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዴ በቀለች፣

እንደምን ሰነበቱ? ለጋሽ ነገራ እግር አዝኛለሁ። መልስ ስላዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር።

በነፃ ብለው ጽፈዋል። የማባዛት ሰንጠረዥ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ወደ ተማሪዎቼ ስዞር ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። ቀሚሴ እስከ ወገቤ ርሷል። ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠርቶ ያለኝን ልንገርዎት፤ «መምህርት፣ ይህ ትምህርት ቤት ነው፣ በረት አይደለም።» በእረፍት ሰዓት ቤቴ ሄጄ ላጥባው ብለው «ሌሎቹም ሽንኩርት ልንገዛ እንሂድ ይሉኛል» አለኝ። ጡቴን በመቀነት ጠፍሬ አሰርኩት። ድንጋይ ሆነ። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣለኝ፤ ስነሣ ነጥፏል። ሥራውን ልተው ብል ደግሞ ተረፋ የሚልከው ሲዘገይ ለእርስዎ እናት ጭምር የሚገባው እህል ከዚህችው ሥራ ነው። ነፃ የሚባለው የምንከፍለው ገበያ ላይ ስለማይታይ ነው፣ አዴ።

ይልቅ እኔም ልጠይቅ። ወልደሩፋኤል ትናንት ጣሳ ሊወስድ መጥቶ «የበቀለች ትንሿ ልጅ ጡጦ ይዛ አየኋት፤ የፈረንጅ ልጅ ትመስላለች» ብሎ ሳቀ። የላክሁት ለአንድ ልጅ ነበር። ማነው የሚጠጣው?

አክባሪዎ ድርቤ

*

አርጆ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለድርቤ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ወልደሩፋኤል የሚሸጠው ጨው ብቻ መስሎኝ ነበር።

ማን እንደሚጠጣው ጠይቀሻል። ብርቄ ትጠጣለች። ልጅሽ ግን አልጎደለበትም፤ ጉንጩ ሁለት ዳቦ ሆኗል፣ አሁን ሲስቅ ዓይኑ አይታይም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። በወንድሜ ሚስት ፊት ስለ ወተት ቆሜ ለመማል ዕድሜዬ አይፈቅድም። ቤቴ ሱቅ አይደለም፤ ካላመንሽ መጥተሽ ጣሳውን ቁጠሪ፣ ልጁንም እዪው። አንድ ቀን እንኳ አልመጣሽም።

በቀለች

*

ነቀምቴ፣ ጥር 6 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለበቀለች፣

አልመጣሽም ብለሽ ወቅሰሽኛል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን አስተምራለሁ፤ እሑድ ወደ አርጆ መኪና የለም። አንቺም ይህን ታውቂያለሽ።

ስለ ሌላው ግን እንነጋገር። እኔ ከጫማዬ ቀንሼ የገዛሁትን ለልጅሽ ትሰጫለሽ። ጡት እያለሽ። ጡት በነፃ ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ፤ ታዲያ ለብርቄ ነፃውን ስጫት። ከጣሳ የጠጣ የፈረንጅ ልጅ መስሎ ያድጋል ብለሽ ከሆነ ራስሽ ግዢላት።

ከዛሬ ጀምሮ ጣሳ አልልክም። እቤትሽ ያለው ለእሱ ብቻ ከሆነ እስከ የካቲት አጋማሽ ይበቃዋል። ካልበቃው የማን አፍ እንደነካው አውቃለሁ። ለተረፋም ጽፌለታለሁ።

ድርቤ

*

አያችሁ፣ «አዴ» ቀርቷል፤ «እርስዎ»ም ቀርቷል። ነቀምቴ ውስጥ ሰው ሰውን የሚቆርጠው እንዲህ ነው፤ ከስድብ በፊት ማዕረጉን ያወርዳል። የሚቀጥለው አጭር ነው። በቀለች ስትሰጠኝ ጣቷን አንዱ መሥመር ላይ አሳርፋ ነበር፤ ያን ጊዜ አልገባኝም።

*

አርጆ፣ የካቲት 4 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምህርት ድርቤ፣

ጥርስ ስለማውጣቱ ጠይቀሻል። ታችኛውን አውጥቷል። ትኩሳት ነበረው፣ ለቆታል።

ስለ ብርቄ ላልሽው፣ ከእንግዲህ ጣሳሽን አትነካም። ባዶዎቹን አጥቤ በወልደሩፋኤል ልኬልሻለሁ። ጡጦውንም።

በቀለች

*

ነቀምቴ፣ የካቲት 19 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለበቀለች፣

ስለ ጥርሱ እግዚአብሔር ይመስገን። የጥርሱን ወሬ በሦስት መሥመር ብቻ መንገርሽ ግን ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ አኩርፈሻል።

ብርቄ ጣሳውን መተዋ ጥሩ ነው። የሰው ነገር መንካት እንደማያዋጣ ከልጅነቷ ትማር። ጡጦውን ለምን እንደላክሽው ግን አልገባኝም። ልጄ በምን እየጠጣ ነው? ወልደሩፋኤልን ብጠይቀው ዓይኑን ሰብሮ «እኔ ነጋዴ ነኝ፣ መምህርት» ብሎ ወጣ። ወሬ የማያልቅበት ሰው አንደበቱ ሲታሰር ደስ አይልም። በግልጽ ጻፊልኝ።

ድርቤ

*

ቀጥሎ ያለውን እንደ ሌላው ደብዳቤ ተጋድሜ ላነብ ጀምሬ፣ ሳልጨርስ ተነሥቼ ተቀመጥኩ።

*

አርጆ፣ መጋቢት 12 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለመምህርት ድርቤ፣

ልጄ በምን እየጠጣ ነው ብለሻል። በግልጽ ጻፊ ብለሻል። ይኸው።

ልጅሽ ጡቴን እየጠባ ነው። አርጆ ከገባ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ። ጡጦውን በምላሱ እየገፋ ሌሊቱን በሙሉ ሲያለቅስ የኔ ጡት ሳልጠይቀው ራሱ ወረደ። ያንቺ ክፍል ውስጥ እንደወረደው። ሁለቱንም ላጥባ ብዬ ሞከርኩ፤ አልበቃም። ልጅሽ ደግሞ ከሞት አፍ የመጣ ነበር።

እና እንግዳ ነው። የወንድሜ ቤት ልጅ እቤቴ እንግዳ ሆኖ መጥቶ፣ የቤቱ ልጅ ከእናቷ ጡት እየጠባች እሱ ከቆርቆሮ ይጠጣ? እኔ ያደግሁበት ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው ከላይ ያለው ነው፤ የቤት ልጅ የተረፈውን ትበላለች። ነገራ «የራስሽን ልጅ?» አለኝ። «የራሴ ስለሆነች ትችላለች» አልኩት።

ቻለች። ጣሳሽ እየመጣ ሳለ ቻለች፤ ወልደሩፋኤል እንዳላት የፈረንጅ ልጅ መስላ ነበር። ስታቆሚ የቀረችውን ዱቄት እስከ ፋሲካ ታድርሰን ብዬ አሳሳሁት። ከሁለት ማንኪያ አንድ አደረግሁ፣ ከአንዱ ግማሽ። ነጭ እስከሆነ ድረስ ወተት ነው እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ወደ ጡቴ ልመልሳት ስል ረስታዋለች፤ አፏን አዞረችብኝ። ልጄ ጡቴን እንደ ባዕድ አየችው። ከዚያ ሆዷ ተፈታ።

ጥር 27 ቀበርናት። ሕፃን ናትና ለቅሶ አልተጠራም። ወልደሩፋኤልን እኔው እስክነግራት አትንገራት ብዬ አስምዬዋለሁ። የሰው ነገር መንካት እንደማያዋጣ ተምራለች፤ ደብዳቤሽ ግን ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ጡት በነፃ ነው ብዬሽ ነበር። ተሳስቻለሁ። ሁለት ጥርሴ ወልቋል። በአጨዳ ጊዜ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ነገራ እህሉን ብቻውን አጨደ፤ እኩሌታውን ወፍ በላው። የቀረውን ዋጋ ነግሬሻለሁ።

ነመራ ላይ ያለው ጉንጭ የብርቄ ድርሻ ነው። የጡት ልጄ ነው። ሽማግሌ ጠርቼ ላስመርቀው ነው፤ መጥተሽ በገዛ እጅሽ ጭኔ ላይ አስቀምጪው። አላስቀምጥም ብትዪ ግን አልሰጥሽም።

የብርቄ እናት በቀለች

*

ነቀምቴ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለበቀለች፣

መልስ ለምን ዘገየ ብለሽ በወልደሩፋኤል ጠይቀሻል። ጽፌ ጽፌ እየቀደድኩ ነው። ነፍሷን ይማር የሚለውን ቃል ጽፌ አልወጣልኝም።

ገደልሻት አላልሽም፤ ብለሻል ግን። ስለዚህ እኔም ልበል። በታኅሣሥ ደብዳቤሽ ውስጥ «ልጅሽ ጡቴን እየጠባ ነው፣ ጣሳው የብርቄ ነው» የሚል አንድ መሥመር ቢኖር ኖሮ ጣሳ አላቆምም ነበር። አውቀሽ ደብቀሻል። ለወንድምሽ ሚስት ከማስረዳት ዱቄት ማሳሳት ይሻላል ብለሽ። የኔ እልክ አለበት፣ አልክድም። ያንቺ ኩራት ግን እቤት ውስጥ፣ ከአልጋዋ አጠገብ ነበር። በእኔ ጀርባ ብቻ አትጫኚው፤ ሁለታችንም ይከብደናል።

ጡት አትስጪው ብዬሽ ሰጥተሻል። አሁን የሰጠሽውን ልትቀበዪ ነው። እናቴ ያለችው ይኸው ደረሰ። የጡት ልጅሽ ነው ካልሽ፣ የሆዴ ልጅ ለመሆኑ ማንም ሽማግሌ መመረቅ አያስፈልገውም። ልጄን መልሺ። ካልሆነ ነቀምቴ ፍርድ ቤት አለ።

ድርቤ

*

አርጆ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለድርቤ፣

ፍርድ ቤት አለ ብለሻል። አልሄድም። ዳኛ ምን ያውቃል? እሱ አጥብቶ አያውቅ።

ኩራትሽ ነው ያልሽውን ለነገራ አነበብኩለት። ተነሥቶ ወደ ደጅ ወጣ። መውጣቱን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር።

አንድ ነገር መልሺልኝና ልጁን እኔው ጠቅልዬ እሰጥሻለሁ። ጣሳ ሲያይ ፊቱን ያዞራል፤ ገንፎ ሁለቴ ይልስና ይተፋል። ካለ ጡቴ አይተኛም፣ እሱም የግራው ነው። ከዚህ ቤት ይዘሽው ስትወጪ አፉ ውስጥ ምን ታደርጊለታለሽ? የብርቄን አይቼዋለሁ። አፍ ማዞር እንዴት እንደሚጀምር አውቃለሁ።

ይህን መልሺልኝ። ሌላ አትጻፊ።

በቀለች

*

የመጨረሻውን ድርቤ ራሷ ናት በፖስታ ወደ አዲስ አበባ ግልባጩን የላከችልኝ። ዋናው በዚያው ቀን በወልደሩፋኤል እጅ ወደ አርጆ ሄዷል።

*

ነቀምቴ፣ ግንቦት 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለብርቄ እናት፣ ለአዴ በቀለች፣

አካም ጅርቱ?

አፉ ውስጥ ምን ታደርጊለታለሽ ብለዋል። ምንም የለኝም። በመቀነት አስሬ ያደረቅሁት አልተመለሰም፤ አብሽም አጃም ጠጥቼ ሞክሬ ነበር፣ ይህን ለማንም አልነገርኩም።

ስለዚህ ቅዳሜ እመጣለሁ። ጣሳ ይዤ አልመጣም። ፍራሽ ይዤ እመጣለሁ። እርስዎ ያጠቡታል፣ እኔ አስተኛዋለሁ። ጡት እስኪተው ድረስ እዚያ ነኝ። ከዚያ ይዤው እሄዳለሁ። እስከዚያ የሚያጠባ ሰው የሚበላውን አንጮቴ እኔ እቆፍራለሁ፣ እኔ እቀቅላለሁ፤ አጨዳ ከደረሰም አጭዳለሁ። ለዳይሬክተሩ ነገርኩት። «ቦታሽን ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለኝ። ይያዘው አልኩት።

ሽማግሌ ከጠሩ ይጥሩ፤ የጠጣውን ከሆዱ አላወጣውም። የጡት ልጅዎ ነው። በገዛ እጄ ጭንዎ ላይ ማስቀመጥን ግን አልችልም፤ አይጠይቁኝ።

ይቅርታ አልጠይቅም። እርስዎም አይጠይቁኝ። መነጋገርም የለብንም፤ ቤቱ ሰፊ ነው። ብቻ እንደደረስኩ፣ ልጄን ከማየቴ በፊት፣ የት እንደቀበሯት ያሳዩኝ።

ድርቤ

*

ይኸው ነው ያለኝ። ከግልባጩ ጋር ለእኔ የተጻፈች ብጣሽ ነበረች፤ «ቅዳሜ ከእኔ ጋር ነሽ፤ እውነትሽን ነው ብለሽኝ የለ?» ትላለች። በዚያው ሳምንት በቀለችም በሰው ልካብኛለች፤ «ያቺ ሴት ከመጣች አጠገቤ ሁኚ፤ እውነትሽን ነው ያልሽኝ አንቺው ነሽ።» በላሁት ምሳ ሁሉ ተጠየቅሁ ማለት ነው።

በቀለች ደብዳቤው ሲደርሳት ምን እንዳለች ወልደሩፋኤልን በስልክ ጠየቅሁት። ራሷ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ደረቷ ውስጥ ከተተችው፣ ልጁ የግራውን እየጠባ ነበር፣ አለኝ። «እሺ ወይስ እንቢ?» ብለው «ፍራሹ ይህን በር አያልፍም አለች፣ ከዚያ ደግሞ የበሩን ስፋት በክንዷ ለካችው» አለኝ።

እኔ ነገ በሌሊቱ አውቶቡስ እነሣለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ድርቤ ፍራሹን ጭነት መኪናው ላይ ስታስር ገመዱን አንዱን ጫፍ እይዝላታለሁ። አርጆ ስንደርስ መጀመሪያ ወደ መቃብሩ የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ሁለቱ በመንገዱ ላይ ጎን ለጎን ይሁን አንዷ ከኋላ፣ ፍራሹ ደጅ ያድር ወይም ይገባ እንደሆነ ሳላይ አልመለስም፤ ያየሁትንም ሳልጨምር እነግራችኋለሁ። በዚህ ጊዜ ግን አንገቴን ለማንም አልነቀንቅም። ምሳዬንም ከቤቴ ቋጥሬ ነው የምሄደው።